የመኸር አተር መዝራትና ዘሩን ለከርሞ መያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በክረምት ተዘርቶ፣ በጥቅምት እሸቱ ተበልቶ፣ በኅዳር የሚሰበሰበውን የደጋና የወይና ደጋ አተር በተመለከተ የሚነሱ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስበናል። ለማሳም ለጓሮ መደብም እንዲያገለግል መጠኑን በሄክታርም በካሬ ሜትርም አስቀምጠናል። አጥብቀን የምንይዘው አንድ ነገር አለ፦ የዘር አተር በግንቦት ከጎተራ ሥር ተጠርጎ የሚገኝ ትርፍ አይደለም። ገና በመስከረም፣ አበባው ማሳ ላይ ሳለ ተለይቶ የሚያዝ ነው። ብዙዎቹ መልሶች ወደዚያው ያመራሉ።

አተር መቼ ልዝራ?

አተር ከ1800 እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ባለው አካባቢ ይስማማዋል። በአብዛኛው ቦታ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘራል። ቀኑን ለመወሰን ከመሰብሰቢያው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። እንደ ዝርያውና እንደ ከፍታው ለደረቅ ፍሬ ከ120 እስከ 150 ቀን ይፈልጋል። ሐምሌ 1 የተዘራ የ135 ቀን ዝርያ ኅዳር 10 ገደማ ይደርሳል፤ ያኔ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስለሆነ ቆባው ያለ ሻጋታ ይደርቃል።

በጣም ከቀደመ ከባዱን ዝናብ ለምልሞ ስለሚጠብቀው የቅጠልና የግንድ ጠብጣብ በሽታ ይበረታበታል። ከዘገየ ደግሞ አበባው እርጥበት ሲሸሽ ይደርሳል፣ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) ይወረዋል፣ በከፍተኛ ደጋ ውርጭ ያገኘዋል። ሁለቱን ብናነጻጽር የሚከፋው መዘግየቱ ነው።

እሸት ብቻ ለሚፈልግና ውሃ ማጠጣት ለሚችል የጓሮ አልሚ እስከ ነሐሴ አጋማሽ መዝራት ይቻላል። ነሐሴ 15 የተዘራ ኅዳር 10 አካባቢ እሸት ይሰጣል። ከዚህ ዘግይቶ ከተዘራ መደብ ግን ዘር ለመያዝ አይሞክሩ፤ ፍሬው ሳይሞላ ይቀጭጫል።

የትኛውን ዝርያ ልምረጥ?

ከሆለታና ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከላት ከወጡት መካከል አዲ፣ ተገኘች፣ ቡርቂቱና ቢላሎ በስፋት ይታወቃሉ። በአካባቢዎ የተሞከረውን ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ፤ በአርሲ የተዋጣለት ዝርያ ጎጃም ላይ እኩል ይዋጣለታል ማለት አይደለም። የአካባቢ ዝርያ ያላቸው አርሶ አደሮች እሱን ጨርሰው እንዳይተዉት እንመክራለን። አዲሱን በአብዛኛው መሬት ላይ ዘርተውም ቢሆን ለነባሩ ጥቂት መደብ ይተዉለት። በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚዘራው ደኮኮ ፍሬው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለሽሮ እጅግ ተፈላጊ ስለሆነ ከተራው አተር በላቀ ዋጋ ይሸጣል። በዓለም ላይ የሚበቅለው በዚሁ አካባቢና በየመን ብቻ የሆነ የአተር ዓይነት ነው።

ከገበያ የገዛሁት አተር ይበቅላል?

ክክ አይበቅልም፤ ሲሰነጠቅ ቡቃያው ይጠፋል። የተቆላውም ሞቷል። ድፍኑና ጥሬው ይበቅላል፤ ሆኖም የሚገዙት የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከስንት ማሳ እንደተቀላቀለ፣ ነቀዝ ውስጡ ይኑር አይኑር አያውቁም። ሌላ ምርጫ ከሌለ መጀመሪያ የብቅለት ሙከራ ያድርጉ (ከታች ተብራርቷል)፣ ከዚያ ፍሬውን በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ይልቀሙ።

ሲለቅሙ በተለይ ጓያ ይፈልጉ። የአተር ፍሬ ድቡልቡል ነው፤ ጓያ ግን ማዕዘን ያለው፣ በአንድ በኩል የሾለ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ዝንጉርጉር ነው። ከበቀለም በኋላ በቀላሉ ይታወቃል፦ ቅጠሉ እንደ ሣር ቀጭን፣ ግንዱ በሁለት በኩል ክንፍ ያለው፣ አበባው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ መርዝ ስላለው በአተር ዘር ውስጥ እንዳለ መተው የለበትም። አንድ እፍኝ ጓያ የገባበት ዘር በሦስት መኸር ውስጥ የቤተሰቡን ሽሮ ይበክላል።

ምን ያህል ዘር፣ በምን ርቀት?

በመስመሮች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር። ይህ በካሬ ሜትር 100 ተክል ማለት ነው። 1000 ፍሬው 150 ግራም የሚመዝን አተር ከሆነ በካሬ ሜትር 15 ግራም፣ በሄክታር 150 ኪሎ ይወጣል። ደቃቅ ፍሬ ላላቸው ዝርያዎች 100 ኪሎ ይበቃል። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ ከ150 እስከ 200 ግራም ያዘጋጁ።

ጥልቀቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በከባድና እርጥብ አፈር 3 ይበቃዋል። ለዘር ብለው የሚዘሩትን መደብ ግን ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ መስመሩን 30 ሴንቲ ሜትር ቢያደርጉት ይሻላል። አየር ይገባል፣ በሽታ ይቀንሳል፣ እርስዎም ተክል ሳይረግጡ ገብተው ያልተፈለገውን መንቀል ይችላሉ። በብተና በተዘራ ማሳ ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ማዳበሪያ ያስፈልገዋል?

አተር ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በሥሩ ላይ ባሉ እባጮች የሚያዘጋጅ ሰብል ስለሆነ ዩሪያ አያስፈልገውም። ዩሪያ ከበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ቆባው ያንሳል፣ ግንዱ ይጋደማል። የሚፈልገው ፎስፈረስ ነው። ሲዘራ በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ)፣ በካሬ ሜትር 10 ግራም ያህል፣ ዘሩን ሳይነካ በመስመሩ ጎን ይጨመራል። በጓሮ ከሆነ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃል።

ለብዙ ዓመት አተር ወይም ባቄላ ያልተዘራበት መሬት ከሆነ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ለአተር የተዘጋጀ የራይዞቢየም ባክቴሪያ ይጠቀሙ። ለሽምብራ ወይም ለአኩሪ አተር የተዘጋጀው ለዚህ አይሠራም። ዘሩን በጥቂት ስኳር ውሃ አርሰው፣ ጥላ ውስጥ ከዱቄቱ ጋር ለውሰው በዚያው ዕለት ይዝሩ። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ዘርም እንዲሁ።

መሥራቱን ለማየት አበባ ሲጀምር ሁለት ሦስት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አውጥተው እባጩን በጥፍር ይሰንጥቁ። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም። ዋነኛው ምክንያት የአፈር አሲዳማነት ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ባክቴሪያው ይዳከማል፤ መፍትሔውም በአፈር ምርመራው መጠን ልክ ኖራ መጨመር ነው።

መሬቴ ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ይተኛበታል። አተር ልተው?

አይተዉ፤ ግን በጠፍጣፋ መሬት ላይ አይዝሩ። ሥሩ አየር ሲያጣ በሁለት ቀን ውስጥ ይጎዳል፣ ከታች ያሉት ቅጠሎች ይገረጣሉ፣ የተረፈው ተክልም ለሥር መበስበስ ይጋለጣል። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከፍ ያለ መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ እያፈራረቁ ያውጡ። ቦዩ መውጫ ይኑረው፤ መውጫ የሌለው ቦይ ውሃውን እዚያው ያቁረዋል።

አረሙን መቼ ልንቀል?

የመጀመሪያው ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው አበባ ከመጀመሩ በፊት። አተር በመጀመሪያው ወር ቀርፋፋ ስለሆነ ያኔ የበለጠው አረም እስከ መጨረሻ እንደበለጠ ይቀራል። አተሩ ክሮቹን አውጥቶ እርስ በርሱ ከተያያዘ በኋላ ማሳው ውስጥ መግባት ጉዳቱ ያመዝናል።

አንድ አረም ለብቻው መነሳት አለበት። ኦሮባንኪ የሚባለው ቅጠል የሌለው ጥገኛ አረም በደቡብ ወሎና በትግራይ ባቄላና አተርን ክፉኛ ያጠቃል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ ከአተር ፍሬ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል፣ አፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ከተጠቃ ማሳ የመጣ ዘር ምንም ያህል ቢያምር አይቀበሉ። ማሳዎ ላይ ካዩት አበባው ዘር ሳይቋጥር ነቅለው ያቃጥሉት።

ከባቄላ ጋር ቀላቅዬ መዝራት እችላለሁ?

ለምግብ ከሆነ አዎ። ባቄላው ለአተሩ ድጋፍ ስለሚሆን በደጋው የቆየ ልማድ ነው፣ ጥሩም ነው። ከተወቃ በኋላ በወንፊት ይለያያሉ። ለዘር የሚይዙትን ግን ለብቻው ይዝሩ፤ ባቄላ ውስጥ የተጠላለፈን አተር አንድ በአንድ አይቶ መምረጥ አይቻልም። ብቻውን ለቆመ አተር በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ቁመት ያለው ጭራሮ ወይም ቅርንጫፍ ይትከሉለት። መሬት ላይ የተጋደመ ቆባ ይሻግታል፣ ፍሬውም ጠቆር ብሎ ይወጣል።

ጫፉ ላይ አረንጓዴ ትንንሽ ነፍሳት ወረሩት። ምን ላድርግ?

ክሽክሽ ነው። ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም ይበዛል። ጭማቂውን መጥጦ ጫፉን ያጠወልጋል፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ማዛመቱ ነው። ከእነዚህ የሞዛይክ ቫይረሶች አንዳንዶቹ በዘር ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ የቀጨጨና ቅጠሉ የተጨማደደ ተክል ከዘር መደብ ውስጥ ወዲያው ይነቀል።

በጓሮ ከሆነ በ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው የቅጠሉን ሥር በሚገባ እያራሱ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይርጩ፤ ከ4 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ይድገሙ። በማሳ ደረጃ ኬሚካል አስፈላጊ ከሆነ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ የሚያዝዘውን ብቻ ይጠቀሙ፣ አበባ ላይ ንብ በሚበዛበት ሰዓት አይርጩ፣ ከርጭቱ በኋላም በመለያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ እሸት አይቅጠፉ። ቆባውን በስቶ ፍሬ የሚበላው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ትል ጓይ ትል ነው፤ በጥቂት መደብ ላይ በእጅ መልቀም ከሁሉም ይሻላል።

ቅጠሉ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ሌላው ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለው።

ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ነጩ ሻጋታ ዝናቡ ሲያቆም፣ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ ጤዛማ ሲሆን ይመጣል፤ ዘግይቶ የተዘራውን አብዝቶ ይጎዳል። ምልክቱ እንደታየ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ድኝ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ቢረጭ ይገታል። ፍሬው ከሞላ በኋላ ከመጣ ግን መርጨት ትርፍ የለውም።

ቡናማና ጥቁር ነጠብጣቡ አስኮካይታ ነው። ይኸኛው ዝናብ እየተፈናጠረ ያዛምተዋል፣ በገለባ ላይ ይከርማል፣ በዘርም ይተላለፋል። ቆባው ላይ ጠብጣብ ካለ ከሥሩ ያለው ፍሬ ንጹህ ቢመስልም ለዘር አይያዝ። አተር በዘሩበት መሬት ላይ ከ3 እስከ 4 ዓመት ገብስ፣ ስንዴ ወይም ጤፍ ያፈራርቁ።

ውርጭ ቢመታውስ?

ቅጠሉና ግንዱ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ይቋቋማሉ፤ አበባውና ለጋ ቆባው ግን አይችሉም። በሌሊት ውርጭ ጠል ያረፈበት ለጋ ቆባ ከውጭ ነጣ ብሎ፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ጨልሞና ውሃ አዝሎ ይገኛል። ከዚያ ቆባ ዘር አይያዙ። ለጓሮ መደብ በጠራ ሌሊት ማዳበሪያ ጆንያ ወይም አሮጌ ነጠላ በእንጨት ላይ ዘርግቶ ማልበስ ይበቃል፤ ማለዳ ይገለጥ።

ለዘር የሚሆኑትን ተክሎች እንዴት ልለይ?

በሁለት ዙር። የመጀመሪያው አበባ ሲሞላ ነው። አብዛኛው ነጭ አበባ ባለው መደብ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ያወጣ ተክል ከታየ ባዕድ ነውና ይነቀል። በቁመቱ፣ በቅጠሉ ቅርጽ ወይም በአበባ ጊዜው ከሌላው የተለየውንም እንዲሁ ያድርጉ። የታመመው፣ የቀጨጨውና ቫይረስ የያዘው የሚወጣውም በዚሁ ዙር ነው።

ሁለተኛው ዙር ቆባ ሲሞላ ነው። ጤናማ፣ ግንዱ ጠንካራ፣ ቆባው የበዛና በውስጡ ያለው ፍሬ የተደረደረ ተክል ላይ ባለቀለም ክር ይሰሩበት። ክር የታሰረበትን ማንም እሸት ብሎ እንዳይቀጥፈው ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ። ለዘር ሳይቀር የሚጠፋው ምርጡ ቆባ ነው፤ ሰው እሸት ሲቀጥፍ ዐይኑ የሚያርፈው ትልቁና ቀድሞ የሞላው ላይ ስለሆነ ሳያስበው የመደቡን የተሻለ ዘር በልቶ ለዘር የሚያስቀረው የዘገየውንና የደቀቀውን ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ከተደገመ ዝርያው እየዘገየ፣ ፍሬውም እያነሰ ይሄዳል።

ስንት ተክል? ወጥ ለሆነ የተሻሻለ ዝርያ 20 ያህል ጥሩ ተክል ይበቃል። የአካባቢ ዝርያ ከሆነ ግን በውስጡ ልዩ ልዩ ባሕርይ ያላቸው ተክሎች ተቀላቅለው ስለሚገኙ ከ50 ባላነሰ ተክል ላይ ይሰብስቡ። ቆንጆ ብለው ከአምስት ተክል ብቻ ከወሰዱ ድርቅ ወይም ውርጭ የሚችለውን ባሕርይ ሳያውቁት ያጡታል። በመጠኑም አይሳሳቱ፦ በደህና ዓመት ከ10 ካሬ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ደረቅ አተር ይገኛል፣ ለከርሞው ተመሳሳይ መደብ ከ200 ግራም አይበልጥም። ዘር ሊከስም ይችላልና እጥፉን፣ 400 ግራም ይያዙ።

ሁለት ዓይነት አተር ጎን ለጎን ብዘራ ይዳቀላሉ?

በጣም ጥቂት። የአተር አበባ ሳይከፈት ገና በእንቡጡ ውስጥ ራሱን ስለሚያዳቅል ንብ ስትደርስ ሥራው አልቋል። አልፎ አልፎ ግን ይከሰታል፤ በተለይም ነፍሳት በሚበዙበት አካባቢ። ለቤት ዘር ከ3 እስከ 10 ሜትር ርቀት ወይም በመካከላቸው ሌላ ሰብል ይበቃል። ርቀቱ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ተክሎቹ ተጠላልፈው በአጨዳ ጊዜ እንዳይቀላቀሉ ነው፤ አብዛኛው ቅልቅል የሚፈጠረው በአበባ ሳይሆን በአውድማና በከረጢት ነው።

አተር ላይ ለገበሬ የሚሸጥ ዲቃላ ዘር ስለሌለ ከገዙት የተሻሻለ ዝርያ ዘር ቢይዙ ልጁ እናቱን ይመስላል። በገንዘብ በኩል አተርን ከበቆሎ የሚለየው ይህ ነው።

መቼ ልሰብስብ፣ እንዴትስ ልውቃ?

ቅጠሉ ሲረግፍና ከታች ያሉት ቆባዎች ቡናማ ሆነው ሲንቋቁ፣ ከላይ ጥቂቱ ቢጫ ቢሆንም ይሰብስቡ። ሁሉም እስኪደርቅ ከጠበቁ የታችኛው ይፈነዳል። ጤዛ ሳይጠፋ በማለዳ ይንቀሉ ወይም ይጨዱ፤ ያኔ ቆባው ስለሚለዝብ አይረግፍም። ክር የታሰረባቸውን አስቀድመው ለብቻ ያንሱ።

ከዝናብና ከመሬት እርጥበት ጠብቀው ለአንድ ሳምንት ያህል ያድርቁ። የምግቡ አተር በከብት ይበራያል። የዘሩን ግን በጆንያ ውስጥ አድርጎ በዱላ ቀስ ብሎ መምታት ወይም በእጅ መፈልፈል ይሻላል። አጥብቆ የደረቀ አተር ሲመታ ገለፈቱ በዐይን በማይታይ መጠን ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ ከርሞ እርጥብ አፈር ሲገባ ይበሰብሳል። ከዚያ በሰፌድ አበጥረው አንጠርጥረው የተሰበረውን፣ የጨለመውንና የተጨማደደውን ይልቀሙ። አውድማው ላይ የሌላ ዝርያ ፍሬ እንዳልቀረ መጀመሪያ ይጥረጉ።

መድረቁን በምን አውቃለሁ?

ለዘር የሚፈለገው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። መለኪያ ከሌለ ሁለት ነገር ያድርጉ። ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት የደረቀ ጨው ከአተሩ ጋር አድርገው ይነቅንቁና ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ጥቂት ፍሬ በድንጋይ ላይ በመዶሻ ይምቱ፤ ሲመታ ተሰባብሮ ከተበተነ ደርቋል፣ ከተዳመጠ ገና ነው። ሲያደርቁ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹህ ሸራ ላይ ስስ አድርገው ያስጡ፣ በቀን ደጋግመው ያገላብጡ፣ በቆርቆሮ ላይ አያስጡ፤ የቆርቆሮ ሙቀት ቡቃያውን ይገድላል።

ጤነኛ አድርጌ ያስገባሁት አተር በሚያዝያ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ነቀዙ ከየት መጣ?

በአብዛኛው ከማሳው ነው የመጣው፤ ጎተራውን ማጽዳት ብቻውን የማይረዳውም ለዚህ ነው። የአተር ነቀዝ የምትባለው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ቡናማ ጥንዚዛ አበባው ሲፈነዳ ወደ ማሳ ትመጣለች፣ እንቁላሏን በለጋው ቆባ ላይ ትጥላለች። ትሉ ቆባውን በስቶ ፍሬ ውስጥ ይገባል። የሚተወው ምልክት የመርፌ ጫፍ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ስለሆነ ማንም አያየውም። እርስዎ አጭደው፣ ወቅተው፣ አድርቀው ሲያስቀምጡ ትሉ ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ በመጨረሻ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል።

ይህች ነቀዝ በአንድ ፍሬ አንድ ብቻ ናት፣ በደረቀ አተር ላይም አትራባም። ስለዚህ አንድ ፍሬ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ካዩ፣ ወይም በፍሬው ላይ የተጣበቁ ነጫጭ እንቁላሎች ካሉ ሌላ ነቀዝ ነው፤ ከሽምብራ ጋር የሚመጣውና በመጋዘን ውስጥ ወር በወር የሚራባው። እሱ ከመጣ ጊዜ የለዎትም፤ አተሩን ከሽምብራው ወዲያው ይለዩ።

ለሁለቱም የሚሠራው አየር ማሳጣት ነው። አተሩ እንደደረቀ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ሦስት ድርብ ባለው ፒክስ ከረጢት ይሙሉት፤ የውስጡን አንድ በአንድ አየሩን አስወጥተው አጥብቀው ይሰሩ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር አይክፈቱ። ነፍሳቱ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሰው ይሞታሉ። ለትንሽ ዘር ደረቅ ጀሪካን ወይም ሃይላንድ እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን በፕላስቲክ አጥብቆ ማሰር ተመሳሳይ ነው፤ ግማሽ የሞላ ዕቃ ግን አየር ስላለው አይሠራም። ፍሪዘር ያለው ሰው በደንብ የደረቀውን ዘር በታሸገ ዕቃ አድርጎ ለአንድ ሳምንት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያቆየው። ሲያወጡ ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሳይከፍቱ ይተዉት፤ አለዚያ ጠል ያዝለዋል።

የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል በመኖሪያ ቤት ውስጥ በፍጹም አይጠቀሙ። የሚያወጣው ጋዝ በተኛ ሰው ላይ ሞት ያመጣል፤ በር መዝጋትም አያድንም።

በማሳው ላይ የሚረዳው እንደደረሰ ቶሎ መሰብሰብ፣ የረገፈውን መልቀምና የተበሳሳ ዘር አለመዝራት ነው። ጥንዚዛዋ እስከ መዝሪያ ድረስ ፍሬው ውስጥ ልትቆይ ስለምትችል የተነቀዘ ዘር መዝራት ራሷን ተሸክሞ ወደ ማሳ መመለስ ይሆናል። ጎረቤት ካልተባበረ ደግሞ ብቻዎን ማጥፋት አይችሉም።

ስንት ዓመት ይቆያል?

ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ላይ 3 ዓመት ያህል በደህና ይበቅላል። ሙቀትና እርጥበት ሁለቱም ዕድሜውን ያሳጥራሉ፤ ምድጃ አጠገብ የተንጠለጠለ ዘር ከነቀዝ ቢድንም ሙቀቱ ያዳክመዋል። ዕቃው ላይ የዝርያውን ስም፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት፣ ማሳውን ይጻፉ፤ ውስጡም በወረቀት ያስገቡ፣ የውጪው ይፋቃልና።

የብቅለት ሙከራ እንዴት ይደረጋል?

ከከረጢቱ ላይ፣ መካከልና ሥር 100 ፍሬ ሳይመርጡ ይቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሳይነካካ ደርድረው ይጠቅልሉና ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። ጨርቁ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይንጠብጠብ። በ8ኛው ቀን ጤናማ ሥርና ቡቃያ ያወጡትን ብቻ ይቁጠሩ፤ ሥር ብቻ አውጥቶ የቆመው አይቆጠርም። 85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በተለመደው መጠን ይዝሩ። 70 ከሆነ መጠኑን በ100 አባዝተው ለ70 ያካፍሉ፤ 150 ኪሎ የነበረው 214 ኪሎ ይሆናል። ከ60 በታች ከሆነ ወጥ ይሥሩበት፤ በቅሎም የሚወጣው ደካማ ነው። ሙከራውን በሚያዝያ ያድርጉት፤ በሰኔ ካደረጉት ሌላ ዘር መፈለጊያ ጊዜ አይኖርዎትም።

የራሴን ዘር ስንት ዓመት ልደጋግም?

የተሻሻለ ዝርያ ከሆነ ከ3 እስከ 4 መኸር፤ ከዚያ በቅልቅልና በበሽታ ስለሚዳከም በተረጋገጠ ዘር ይታደስ። የአካባቢ ዝርያን በየዓመቱ በትክክል ከመረጡ ገደብ የለውም።

በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ነው የምኖረው። እዚህስ?

በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ አካባቢ ለአሜሪካው በልግ (ለፎል) እሸት ከኦገስት መጀመሪያ እስከ አጋማሽ ይዝሩ። በ60 ቀን የሚደርስ አጭር ዝርያ ይምረጡና ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ ሁለት ሳምንት ይጨምሩበት። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ከ27 ዲግሪ በላይ አበባ ይረግፋል፣ አፈሩም ይደርቃል። ስለዚህ ዘሩን አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዝሩ፣ መደቡን በገለባ ያልብሱ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ይስጡት። የአገር ቤቱ ዘግይቶ የሚደርስ አተር በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርስም።

ለዘር የሚይዙት ግን በማርች የተዘራው ይሁን፤ ቆባው በጁን መጨረሻና በጁላይ ይደርቃል። የበልጉ ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ውርጭ ይይዘዋል። የግድ ከሆነና ቆባው ቢጫ መሆን ከጀመረ ሙሉ ተክሉን ነቅለው ጣሪያ ሥር አየር በሚገባበት ገልብጠው ይስቀሉት። በእስራኤል ክረምቱ ለስላሳ ስለሆነ ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር ይዘራል፣ በበጋው መግቢያ ይሰበሰባል።

ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ማምጣት በሁለቱም በኩል ሕግ አለው። አሜሪካ ለሚተከል ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ከኢትዮጵያ የአካባቢ ዝርያ ለማውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ፈቃዱ እስኪገኝ እዚያው ካለ የዘር ሻጭ ለሽሮና ለክክ የሚሆን ክብና ለስላሳ ፍሬ ያለው የማሳ አተር ይጠይቁ። ሲደርቅ የሚጨማደደው ጣፋጭ የጓሮ አተር ለእሸት እንጂ ለክክ አይሆንም።